ልጄ የላከልኝ ብርድ

ልጄ በድሎኛል። ነገሩን ሳላሽሞነሙን ነው የምነግራችሁ፤ ማሽሞንሞን አልችልበትም። እዚህ ጉለሌ፣ ቁስቋም ዳገቱ ላይ፣ የእንጦጦ ንፋስ በር ሳያንኳኳ በሚገባበት ቤት ለምንኖር ለእኔና ለእናቱ ማቀዝቀዣ ላከልን። ፍሪጅ ማለቴ አይደለም። ፍሪጅ ቢሆን በሩን ዘግቼበት እተኛ ነበር። ቤት የሚያቀዘቅዘውን ነው፤ ኤሲ የሚሉትን።

ልጄ ደረጄ ሰመራ ነው የሚሠራው፤ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ። ሰመራን እኔ የማውቃት በስልክ ነው። በቀትር ብረት የነካ ሰው መዳፉን እዚያው ትቶ ይሄዳል ይለኛል። እንግዲህ በዚያ አገር ሰው ለሚወደው ከኤሲ የበለጠ ምን ይሰጣል? ይገባኛል። ዓሣም ለወዳጁ ስጦታ ልላክ ቢል ውሃ ነው የሚልከው። ተቀባዩ ድመት መሆኑን ማሰብ ግን የላኪው ፈንታ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሸጎሌ ከብት ተራ፣ በድለላ ነው። በሬ አምጡልኝ፤ ጥርሱን፣ ሻኛውን፣ አረማመዱን አይቼ ስንት እርሻ እንዳረሰና ጌታው ስንት ጊዜ እንደዋሸበት እነግራችኋለሁ። ይህ ማሽን በኢሱዙ ተጭኖ የመጣ ዕለትም እንደ ልማዴ ዞርኩት። ጥርስ የለውም። ሻኛ የለውም። ጎኑን መታ መታ ባደርገው የባዶ ጎተራ ድምፅ ሰጠኝ።

"ይሄንን እንኳን ልገዛው፣ ገበያ ውስጥ ሲገባ ባየው ባለቤቱን እታዘበው ነበር" አልኩ።

"ዝም በል አንተ ሰውዬ፤ ልጄ የላከው ነው" አለች አስካለ።

አስካለ ባለቤቴ ናት። "ልጄ የላከው ነው" ካለች ደግሞ በእኛ ቤት ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው፤ ይግባኝ የለም።

ሊገጥሙት የመጡት ሰዎች ግድግዳችንን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ተያዩ። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ የውጪውን ሳጥን አይሸከምም። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የብረት አልጋ የመሰለ ነገር በይደው እዚያ ላይ አስቀመጡት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የብረት አልጋ የለኝም። ነጩንና ረጅሙን የውስጡን ክፍል ደግሞ ከመደቤ በላይ፣ ልክ ከራሴ በላይ ሰቀሉት። ከዚያ ሪሞቱን ለአስካለ ሰጥተው "በዚህ ትቀያይሩታላችሁ" ብለው ወጡ። ኢሱዙው ጥሩንባውን እየነፋ ስለነበር ምኑን በምን እንደምንቀያይር የነገረን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው። ደረጄ አንደኛ ክፍል የገባ ጊዜ፣ ማታ ማታ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቶ፣ ይህንን ገመድ ሲጎትት የኖረ ወፍራም ጣቴን ይዞ ፊደሉ ላይ ያስቀምጥና "አባዬ፣ ይቺ ሀ ናት" ይለኝ ነበር። ስሳሳት አይስቅም። እናቱ ናት የምትስቀው። እንዲያ ለፍቼ ማንበብ ብችል፣ ሪሞቱን ሳየው አንድም ፊደል የለበትም። ሥዕል ብቻ! አንዱ ጠብታ ነው። አንዱ ፀሐይ ነው። አንዱ ደግሞ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ያወጣ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ሁሉ እንደገና የተሰነጠቀ፣ ጥልፍልፍ ያለ ነገር ነው።

አስካለ ይህንን የመጨረሻውን ስታይ አማተበች።

"መስቀል ነው!"

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነትም የቁስቋም ቄሶች በንግሥ ቀን የሚያወጡትን ይመስላል። እንዲያውም የዚህኛው ጥልፍ ይበልጣል።

"እና ምን ይሁን?" አልኳት።

"ምን ይሁን ይባላል እንዴ? እዚሁ ላይ ይዋላ። ሠሪዎቹም እግዚአብሔርን የሚያውቁ ናቸው ማለት ነው።"

"ፀሐዩስ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "መስቀሉ እያለልህ ፀሐይ ልታመልክ ነው?"

የተጠመቅሁ ሰው ነኝ። መስቀሉ ላይ አደረግሁት።

ማሽኑ "ቲጥ" አለና መተንፈስ ጀመረ። ጌታዬ፣ እንዴት ያለ ትንፋሽ ነው! በሐምሌ እንጦጦ ጫፍ ላይ እርጥብ ሸሚዝ ለብሰህ የቆምክ ያህል። ሰዓት ሳይሞላ ሹራብ ደረብኩ፣ በሹራቡ ላይ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ። አስካለ ነጠላዋን በጆሮዋ ዙሪያ ጠምጥማ "ደስ ይላል" አለች። ጥርሶቿ ግን ሌላ ነገር ይነጋገሩ ነበር።

እሑድ ደረጄ ደወለ። እሑድ እሑድ ነው የሚደውለው።

"አባዬ፣ ተገጠመ? እየሠራ ነው?"

"ይሠራል፤ መሥራቱንስ ይሠራል።"

"ተመቻችሁ?"

አስካለ ከጎኔ ሆና በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። "በጣም" አልኩ።

"በቃ! ከእንግዲህ ክረምት አትፈራም አባዬ!"

እውነቱን ነው፤ ከክረምት የባሰ ያየ ሰው ክረምትን ምን ብሎ ይፈራል? እያሾፈብኝ መሰለኝ። ልጅ አባቱን በገዛ ቤቱ አቀዝቅዞ፣ እንደገና በስልክ ያሾፍበታል? ቂም ያዝኩ። የእኔ ቂም ደግሞ እንደ ግመል ነው፤ ውሃ ሳይጠጣ ሩቅ ይሄዳል።

በዚህ ዓይነት ከረምን። ዘወትር ባይሆንም እሑድ፣ በዓልና እንግዳ ሲመጣ መክፈት ግዴታ ሆነ። "ልጄ ሲደውል ድምፁን ይስማ" ትላለች አስካለ፤ ስልኩን ወደ ማሽኑ ከፍ አድርጋ ትይዝለታለች፤ እሱም ከሰመራ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ "ጎበዝ!" ይላል። እኔን ይሁን ማሽኑን፣ አላወቅሁም። በጉለሌ መብራት ሲጠፋ ተመስገን የሚል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

ሰው ቤታችን ገብቶ ሁላችንም እስከ አፍንጫችን ተከናንበን ሲያየን ደንግጦ በሩ ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ የጥንት የገበያ ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ "ማን ነው ያረፈው?" ብሎ ሊያለቅስ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ግን የነገሩ ጥቅም ቶሎ ገባት። መጀመሪያ ትንሽ ቅቤ ይዛ መጣች። "የደረጄ አባት፣ እዚህ ጥግ ላስቀምጣት፤ እኔ ቤት ይቀልጥብኛል።" ቀጥሎ ሥጋዋን አመጣች። ቀጥሎ የእህቷን ቅቤ። መደቤ ላይ የምቀመጥበት ቦታ እያነሰ፣ ቅቤው የሚቀመጥበት እየሰፋ ሄደ። ቅቤው ደልቶት ይቀመጣል፤ ያለ ጋቢ።

ጋቢ ካልኩ አይቀር፣ ወደ ሁለተኛው በደል ልግባ።

አንድ ጋቢ ነበረኝ። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች አንዱ፣ አስካለ ራሷ የፈተለችውን ጥጥ ወስዶ የሠራልኝ፣ ወፍራም፣ ከባድ፣ ስትለብሰው ሰው ከኋላህ ያቀፈህ የሚመስል። የጥር መጨረሻ ላይ፣ ውርጩ በጠናበት ሰሞን፣ ከገበያ ስመለስ የለም። ቤቱን ገለበጥኩት። የለም። ወይዘሮ ዘነበችን በዓይኔ ከሰስኳት። የቧንቧ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን በአፌ ከሰስኩት። ያንን ሊጠይቀኝ የመጣውን ወዳጄን እንኳ በልቤ ከሰስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬ ቀጥኗል።

"አንቺ አላየሽም?" አልኳት አስካለን።

እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት እያየች "እንግዲህ ካንተ ይልቅ ብርድ የጠናበት ወስዶት ይሆናል" አለች።

"ካንቺ ባል ይልቅ ብርድ የጠናበት በዚህ ከተማ ውስጥ ማን አለ?"

ሽንኩርቱ አስለቀሳት።

በዚያው ሳምንት ማሽኑ ሞተ። እሑድ ጠዋት ከፈትነው፤ ጥቂት አጓራ፣ አቃሰተ፣ ቀጥ አለ። እንደገና ብንከፍተው ያንኑ አደረገ። ውስጤ እልል አለ፤ ፊቴን ግን ለቀስተኛ አስመሰልኩ። ፊት ማስመሰል የደላላ እንጀራ ነው። ደስታዬ የቆየው ስልኩ እስኪጮህ ነው።

"ደወለ!" አለች አስካለ፤ በድንጋጤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። "ምን ልንለው ነው?"

"ተበላሸ እንበለዋ።"

"በዚያ ቃጠሎ ለፍቶ የላከውን ተበላሸ? ንቀው ተዉት ቢል? አንተ፣ ቶሎ በል፣ እንደ ማሽኑ አድርግ!"

"ምን?"

"አጉራ! ንፋ!"

የሸጎሌ ሰው ይህንን ቢያነብ ከዚህ በኋላ ምንም ብሸጥለት እንደማይገዛኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ሽበታም ሽማግሌ፣ መደብ ላይ ቆሜ፣ አፌን ስልኩ ላይ ደቅኜ "ህህህህህሽሽሽሽ" አልኩ። አስካለ በእጇ ቀጥል ቀጥል ትለኛለች። እሷ "አለን ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፤ እኔ "ህህህሽሽሽ" እላለሁ። ትንፋሼ እያለቀ፣ ጆሮዬ እየጋለ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰውነቴ የሞቀው ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ሳሉ መጣብኝ። ያዝኩት። እምቢ አለ። ፈነዳ።



"እማዬ... ማሽኑ ነው እንዴ የሳለው?"

"እ... ማለቴ... ትንሽ ብርድ መቶት ነው" አለች አስካለ።

"ድምፁ ልክ አይደለም። ሰርቪስ ሳይደረግ ቆይቶ ነው። ግድ የለም፤ ለፋሲካ ስመጣ ራሴ ወጥቼ አየዋለሁ።"

ለፋሲካ ስመጣ! ሰመራ ከገባ ጀምሮ ለበዓል መጥቶ አያውቅም። አስካለ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደስታዋንና ፍርሃቷን አንድ ላይ ይዛ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ የዘነበች ቅቤ ላይ። አልተነሳችም።

"ሞቶ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ስጦታዬን ናቁት ብሎ ነው የሚሄደው። አንተ ደግሞ ስታናግረው አፍህ መራራ ነው። ልጁ የሚያወራው ከማሽኑ ጋር ነበር እኮ።"

በማግስቱ ሁዳዴም ገብቶ ስለነበር፣ በባዶ ሆዴ ወደ ጳውሎስ ወርጄ ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግነውን ሙሌን ይዤ መጣሁ።

ሙሌ ወፍራም ነው፤ ወሬውም እንደዚያው። ዳገቱን ሲወጣ በየእርምጃው እየቆመ "አባት፣ እዚህ ላይ ነው ኤሲ ያለው? እርግጠኛ ነዎት?" ይለኛል። ቤት ገብቶ ሹራቤን፣ ኮቴን፣ የአስካለን ጥምጣም፣ የቅቤውን ሰልፍ አየ።

"ይቅርታ አባት፣ ግን በዚህ ብርድ ማቀዝቀዣ ለምን አስፈለጋችሁ?"

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። ልጄን እኔ ልሰድበው እችላለሁ፤ አባቱ ነኝ። የጳውሎስ ሰው እንዲስቅበት ግን አልፈቅድም።

"ስለሚሞቀን ነው!" አልኩት፤ የኮቴን ቁልፍ እየቆለፍኩ።

"አሃ" አለ ሙሌ። ሌላ አልጠየቀም። ሞኝነቴ ያን ቀን ባይኮራ ኖሮ፣ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

የውስጡን ክዳን ከፍቶ ወንፊት የመሰለውን አወጣና አሸተተው። "ይሄ ማሽን ቅቤ ይቀባል እንዴ?" አስካለ ወሰደችና በሳሙና አጠበችው፤ እንደ ሕፃን ልብስ አሽታ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ሙሌ መሰላል ጠየቀ። ቆርቆሮው ላይ በየት በየት መርገጥ እንዳለበት ነገርኩት፤ "ማገሩ ባለበት፣ ምስማሩን እያየህ" አልኩት። "ኧረ ስንቱን ጣሪያ ወጥቼ!" አለ።

ቤት ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ኮርኒሱ ተተረተረና የሙሌ እግር ከነጫማው ከራሴ በላይ ተንጠለጠለ። አቧራውና የአይጥ ጎጆው በላዬ ወረደ።

"ወይኔ!" አለ ድምፁ ከላይ።

"ምስማሩን እያየህ አላልኩህም?" አልኩት ለእግሩ።

አስካለ ሮጣ በርጩማ አምጥታ ከእግሩ ሥር ደቀነችለት። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ርገጥ፤ እዚህ ላይ ርገጥ።" ረገጠ። አቃስቶ እግሩን ወደ ላይ ሳበ። ጫማው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ያንን ጫማ ይዤ ውጪ ወጣሁ፤ ልወረውርለት ወደ ላይ ሳይ፣ ሙሌ በአንድ እግሩ ቆሞ ሳጥኑን ትክ ብሎ ያየዋል።

"አባት!"

"አቤት!"

"ማሽኑን ማነው ጋቢ ያለበሰው?"

መሰላሉን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጋቢዬ! በአራት ማዕዘን ተጣጥፎ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ ተደርጎበት፣ በጫኝ ገመድ ዙሪያውን ታስሮ፣ አንገቱ ሥር እንደ አራስ ልጅ ተሸፋፍኖ፣ ያ ጥርስ የሌለው ሣጥን ሞቆት ተቀምጧል። የገመዱን አተሳሰር አወቅሁት። የአስካለ ነው።

"መተንፈሻውን ዘግታችሁበት ነው እኮ" አለ ሙሌ። "ታፍኖ ነው የሚጠፋው። ጋዙም ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ካልፈታችሁት ግን ይቃጠላል።"

ቁልቁል አየሁ። አስካለ መሰላሉ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

"አንቺ ነሽ?"

"ውርጭ ነበር" አለች።

"ማን መሰላል ያዘልሽ?"

"ማንም።"

"ብትወድቂስ! በዚህ ዕድሜሽ ቆርቆሮ ላይ! እኔ ገበያ እያለሁ ወድቀሽ ብትቀሪስ!"

"አልወደቅሁማ። ምስማሩን እያየሁ ነው የረገጥኩት።"

ሙሌ ከላይ ሆኖ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ።

"ማሽን ነው እኮ አስካለ! ማሽን ብርድ አይመታውም!"

"ማሽን መሆኑን አጥቼው ነው?" አለች። ድምፅዋ ወረደ። "ሌሊት ሌሊት ውርጩ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው እሰማለሁ። ልጄ የላከው እላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ እኔ ከሥሩ ተሸፋፍኜ መተኛት አልሆነልኝም። በቃ።"

ያንን ሁሉ ሰው በሌብነት ጠርጥሬ፣ ሌባው አጠገቤ ሽንኩርት ሲከትፍ ነበር። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ መራራ ሰው ነኝ፣ እችልበታለሁ። ግን መሰላል ላይ ሆኖ፣ ከማሽኑ የተፈታ ጋቢ ታቅፎ፣ የሰው ጫማ ይዞ መቆጣት ይከብዳል።

ሙሌ ንፋስ ያመጣውን የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጋቢውን ጥጥ ከሳጥኑ ጎን ለቅሞ፣ በውሃ አጥቦ፣ አድርቆ ለቀቀው። ሠራ። እንደ ቀድሞው አንዘፈዘፈን። የኮርኒሱን ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት ደፈንኩት።

ደረጄ ቅዳሜ ሹር ገባ። ጥቁር ሆኗል፣ ከስቷል፣ የሰመራ ስስ ሸሚዝ ለብሷል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ከለቀቀችው በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ማሽኑን መክፈት ነው። ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ በራ። "እየሠራ ነው!" አለ። ያ ፊት እንዳይጠቁር ስንል በፋሲካ ቀን ቀኑን ሙሉ አልዘጋነውም። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ገና እንጀራው ሳይቆረስ ቅቤው ከላይ ረጋ። እንቁላሉ በረዶ መሰለ። ልጄ ክርኖቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ ይጎርሳል፤ ከንፈሩ ጠይም መሆኑ ቀርቶ ወይን ጠጅ ሆኗል። እኛን ያያል፤ ፈገግ ይላል። እኛ እሱን እናያለን፤ ፈገግ እንላለን። ሦስት ሰው አንዱ ላንዱ ሲል እየተንቀጠቀጠ በዓል አከበረ።

በማግስቱም ገና ቁርስ ሳንበላ አስካለ ከፈተችው። ይህን ጊዜ ደረጄ አልቻለም።

"አባዬ፣ አይበርዳችሁም?"

"እኛን?" አልኩ። አገጬ እየተንቀጠቀጠ ቃሉን ሁለት ቦታ ከፈለው። "ኧረ ይሞቀናል።"

ጋቢዬን አየ። ከጋቢው ሥር ኮቱን አየ። ተነስቶ ሪሞቱን አነሳና ቀረብ አድርጎ አየው።

"ማነው በረዶ ላይ ያደረገው?"

"የምን በረዶ?" አለች አስካለ። "መስቀል ነው እንጂ።"

"እማዬ፣ ይሄ የበረዶ ምልክት ነው። ማቀዝቀዣው ነው።"

"ታዲያ ማቀዝቀዣ አይደል የላክልን?" አልኩ። ቂሜ በመጨረሻ አፍ አወጣ። "ቁስቋም ላይ ማቀዝቀዣ! በእናትህና በእኔ ላይ!"

ደረጄ ሪሞቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ? ለእናንተ ማቀዝቀዣ?" ድምፁ የልጅ ሆነ። "አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው? ሰመራ ልሄድ የወጣሁ ጠዋት ልትሸኘኝ ስትነሳ ጉልበትህን በሁለት እጅህ ይዘህ ነው የተነሳኸው። ብርድ ነው አልከኝ። መንገዱን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ሄድኩ። ኋላ ላይ ከማቀዝቀዝ ሌላ የሚያሞቅም ኤሲ አለ ሲሉኝ ነው ይሄን የፈለግሁት። ክረምት አትፈራም አላልኩህም?"

ብሎኛል። እኔ ነኝ ቂም አድርጌ የሰማሁት።

አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሪሞቱን ጉልበቴ ላይ አኖረው። ያንን ገመድ ሲጎትት የኖረ ጣቴን ይዞ ሥዕሉ ላይ አስቀመጠው።

"አባዬ፣ ይቺ ፀሐይ ናት" አለኝ።

ማሽኑ መጀመሪያ ዝም አለ። ሞተ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣ፤ ጠዋት ሸጎሌ ስትገባ ከጤነኛ በሬ አፍንጫ እንደሚወጣው ያለ ትንፋሽ፤ ሞቅ ያለ፣ እርጋታ ያለው። አስካለ ጥምጣሟን ፈታች። "ፀሐይም የሱ ፍጥረት ናት" አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ብዙም ሳይቆይ የወይዘሮ ዘነበች ቅቤ መቅለጥ ጀመረ፤ የመፍትሔው ብቸኛ ተጎጂ እሷ ናት። ደረጄ ከዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ በኋላ ሙቀቱ ሲይዘው እዚያው በተቀመጠበት፣ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኩት። ለእኔ አላስፈለገኝም።

ልጄ አልበደለኝም። ነገሩ የተዘጋው በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ከቁርስ በፊት ነው።